ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ መብላትን ማስተማር

ክብደት ለመቀነስ ጨጓራን ማሳነስ በከፋ ዞን ብዙም የሚታወቅ ሕክምና አይደለም። ጨጓራቸው ተቀዶ ወደምሠራባት ዋጫ ከተማ የሚመለሱት ሰዎች አብዛኞቹ የቆየ ቁስለት ጠባሳ መውጫውን አጥብቦባቸው፣ የበሉትን ሲያስመልሱ የከረሙ ናቸው። ሐኪም ጨጓራቸውን ከትንሹ አንጀት ጋር በሌላ መንገድ አገናኝቶላቸዋል። ሁለቱ ሕክምናዎች ግን ዘመዳሞች ናቸው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለውፍረት ጨጓራን አሳንሶ የማለፍ ቀዶ ሕክምናን የጀመረው፣ ለቁስለት ሲባል ጨጓራቸው የተቆረጠ ሰዎች ከስተው መቅረታቸውን ልብ ብሎ ነው። መዘዛቸውም ይመሳሰላል።

ጤነኛ ጨጓራ መውጫው ላይ በር ጠባቂ አለው፤ ምግቡን አልሞ በጥቂት በጥቂቱ ያሳልፋል። በሩ ከተነሣ ወይም ከታለፈ ጣፋጭና ቀጭን ነገር በአንድ ጊዜ አንጀት ውስጥ ይፈስሳል፣ ከደምም ውኃ ይስባል። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሆድ ይነፋል፣ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ተቅማጥ ይከተላል። አንዳንዱን ደግሞ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ ያንቀጠቅጠዋል፤ ቶሎ የወጣው የደም ስኳር ኢንሱሊን አብዝቶ ጠርቶ፣ መልሶ ስለሚያሽቆለቁል ነው። ሐኪሞች ዳምፒንግ ሲንድረም ይሉታል። ታካሚው ግን ብዙ ጊዜ የሰው ዓይን በላኝ ብሎ ነው የሚመጣው።

የነርስነቴ ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል። «ምን በሉ?» ብዬ ብጠይቅ መልሱ «ኧረ ምንም አልቀመስኩም፣ ሲስተር» ነው። ስለዚህ ጠዋት ከተነሡበት ሰዓት ጀምሬ እከተላለሁ፦ ቡናው ስኳር ነበረው? ምግቡ ላይ ምን ጠጡ? ከዚያ ስንት ቆይቶ አላባቸው? ያን ጊዜ ብርዝ ይወጣል፤ በስኳር የጣፈጠ ቀጭን አጥሚት ይወጣል። ከፋ የማር አገር ነው፤ ለታመመ ሰው ከማር የተሻለ ስጦታ የለም። ቤተሰቡ በፍቅር ያቀረበው ብርታት ለዚህ ሆድ ፈተና ሆኗል ብሎ መንገር ዘዴ ይፈልጋል። ማሩን አላወግዝም፤ «ለጊዜው ይቆየን» እላለሁ።

ምክሩ ከጓዳው መውጣት አለበት። ቆጮ ሆድ ይይዛል እንጂ ገንቢነቱ አነስተኛ ነው፤ አይብ፣ እንቁላል ወይም ባቄላ አብሮት ይቅረብ። አጥሚቱ ወፈር ይበል፣ ስኳሩ ይቅር። በቀን ሁለት ጊዜ ጠግቦ ከመብላት አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት፣ አላምጦ። ውኃ ከምግብ ጋር ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ። ከምግብ በኋላ ጋደም ማለትም ለዚህ ሰው መድኃኒት እንጂ ስንፍና አይደለም።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደኝ ገበታው ነው። በጉርሻና በ«በሞቴ» ባደገ ቤት ትንሽ መብላት ቅያሜ ያስከትላል። ስለዚህ ታካሚውን ብቻውን አላስተምርም፤ ምግብ የምትሠራውን እናት ወይም ሚስት አጠገቤ አስቀምጣለሁ። «እማማ፣ አንዴ አብዝተው ከሚያጎርሱት ደጋግመው ያቅርቡለት» ስል ፍቅራቸውን አልከለከልኳቸውም፣ ሰዓቱን ብቻ አከፋፈልኩት። ታካሚው የሚጾም ከሆነም ቀኑን ውሎ በአንድ ገበታ መካስ ስለማይችል ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲማከር እነግረዋለሁ።

አመጋገብ የማይፈታውም አለ። ጨጓራው የተቆረጠለት ወይም የታለፈለት ሰው ቫይታሚን ቢ12ና ብረት እያነሰው ይሄዳል፤ እጅና እግር መደንዘዝ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነው። ማስመለሱ ካላቆመ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ሆዱ ተነፍቶ አየር እንኳ ካላወጣ ግን የአጥሚት ምክር አብቅቷል፤ «ነገ ይሻለኛል» ሳይባል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ሥራዬ መያዙን የማውቀው ታካሚው ትእዛዜን በቃሉ ሲደግምልኝ አይደለም። «ብርዙ አልተስማማኝም፣ ጥቂት ማር ከቂጣ ጋር ግን አልነካኝም» ብሎ ሲከራከረኝ ነው። ያን ጊዜ የገዛ ሆዱን ማንበብ ጀምሯልና የእኔ ድርሻ ማዳመጥ ይሆናል።