ጤነኛዋን ላም አሳዩኝ

ብዙ ከብት በአንድ ሌሊት ወደወደቀበት ግቢ የተጠራ የእንስሳት ሐኪም ገና በሩን ሳያልፍ ወደ ታመሙት ይጎተታል። ባለቤቱ ወደዚያው ይመራዋል፤ እረኛው ወደዚያው ይጠቁማል፤ ጎረቤቱም ከኋላ ይከተላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ያልታመመችው የትኛዋ እንደሆነች ነው። ደብረ ዘይት የተማርኩት ሙያ ለዓመታት በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች መካከል አዋለኝ፤ አሁን ደግሞ ከፍራንክፈርት ወጣ ብሎ ባለው ጫካ ከሞተ የዱር አሳማ ናሙና ያስወስደኛል። እንስሳውም አገሩም ተለውጧል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

መርዝና ተላላፊ በሽታ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በቀላሉ አይለዩም። ሁለቱም ያንቀጠቅጣሉ፣ ለሃጭ ያዝረከርካሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ በድንገት ይገድላሉ። የሚለያቸው የተረፈው ነው። ከመኖ የመጣ መርዝ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጥለው ጉልበተኛውን ነው፤ ሌሎቹን በቀንዷ ገፍታ ገንዳውን የያዘችው፣ ወተቷ ብዙ ስለሆነ ብዙ የሚሰፈርላት ላም ትወድቃለች፤ ተገፍታ ዳር የቆመችው ኮስማና ትተርፋለች። ተላላፊ በሽታ በተራ ይሄዳል፤ ዛሬ አንዷን፣ ከቀናት በኋላ አጠገቧ የታሰረችውን። አባ ጎርባ ደግሞ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያሉትን ደንዳና ጥጆችና ወይፈኖች መርጦ ይለቅማል፤ እናቶቻቸው እዚያው ቆመው ያመሰኳሉ። ቴርሞሜትር ይረዳል፤ መርዝ ብዙ ጊዜ ትኩሳት የለውም። ድንገት ከሞተው ከብት አፍንጫ የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ ግን ቢላዋ አይነሳም። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ ሬሳው ከተከፈተ ጀርሙ አየር አግኝቶ ወደማይበገር ዘሩ ይለወጣል፤ በአፈሩም ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል።

ሰበታ ላይ አንዲት የላሞች ባለቤት በዚህ ጥያቄዬ ተቆጥተውኛል። «ዶክተር፣ እሷ እኮ ደህና ናት፤ የሚሞቱትን እዩልኝ እንጂ!» አሉኝ። «አያለሁ እትዬ፤ ግን እሷ ትናንት ምን በላች?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምን ትበላለች፤ ልትወልድ ስለደረሰች ከወተት አውጥቻታለሁ፤ ጭድ ብቻ ነው የሚሰጣት።» የታመሙት ሁሉ የሚታለቡ ነበሩ፤ የሚታለቡት ሁሉ ደግሞ በዋዜማው ከተከፈተ ጆንያ ተሰፍሮላቸዋል። ጆንያው ከገንዳው እንዲርቅ አደረግን፤ ከዚያ በኋላ አዲስ የታመመ አልነበረም። የወደቁትን ብቻ እያየሁ ብውል ኖሮ መርፌ ስወጋ ይመሽብኝ ነበር፤ ማታም ያው ጆንያ እንደገና ይሰፈርላቸው ነበር።

ጤነኛው ምስክር መሆኑን በሰፊው ያሳየው የእንግሊዝ ቱርክ ዶሮዎች እልቂት ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ የማነሳው በዚሁ አቆጣጠር ነው) ከ100 ሺህ በላይ ጫጩቶች ሲረግፉ ብዙዎች አዲስ ተላላፊ በሽታ መጣ ብለው ነበር። ነገር ግን በሽታው ከአንዱ እርባታ ወደ ጎረቤቱ አይሻገርም፤ ሌላ መኖ የበሉት ደህና ናቸው። መኖው ሲመረመር መንገዱ ሁሉ ከብራዚል በመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ላይ ተገናኘ። ፋጉሎው ላይ የበቀለው ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ዛሬ አፍላቶክሲን የምንለው ነው።

አፍላቶክሲን ግን የዚህን ጥያቄ ጉድለትም አስተምሮኛል። ጫጩት ይገድላል፤ በጥቂቱ የበላችውን የወተት ላም ግን ውጭ ውጭውን አይነካትም። ትበላለች፣ ታመሰኳለች፣ ትታለባለች። ጉበቷ መርዙን በከፊል ለውጦ ወደ ወተቱ ይልከዋል፤ ከበላችበት ሰዓት አንድ ቀን ሳይሞላ በወተቷ ውስጥ ይገኛል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። ስለዚህ ምስክር ያደረግኋት ጤነኛ ላም እዚህ ላይ ታታልለኛለች፤ የሚታመም ላም የለም፤ ተጎጂው ወተቱን ጠጥቶ የሚያድገው ልጅ ነው።

በአዲስ አበባና አካባቢው የወተት ሰንሰለት ላይ ተሠርቶ በ2016 የታተመ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ የአውሮፓን ገደብ፣ ማለትም በሊትር 0.05 ማይክሮግራም፣ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። የተመረመረው መኖ ሁሉ መርዙ ነበረበት፤ መጠኑም በኪሎ ከ7 እስከ 419 ማይክሮግራም ይደርሳል። አውሮፓ ውስጥ ለወተት ላም በተዘጋጀ መኖ የሚፈቀደው 5 ነው። ዋናው ምንጭ ደግሞ ሁላችንም የምናመሰግነው የኑግ ፋጉሎ ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ ወተት ይጨምራል።

ፋጉሎ ሲታይ የጆንያው አፍ አይታመንም። ነጋዴውም ገዢውም የሚያየው አፉን ነው፤ እርጥበቱ ያለው መሀሉ ላይና መሬቱን የነካው ሥሩ ላይ ነው። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ መሀሉ ከዳሩ ሞቅ ካለኝ፣ ፍርፋሪው በጣቶቼ መካከል ከመበተን ይልቅ ተያይዞ ከወጣና የታፈነ ጓዳ ከሸተተኝ ያ ጆንያ ወደ ገንዳ አይሄድም። የሻገተውን አራግፎ የቀረውን መስጠት የተለመደ ነው፤ ሆኖም ሻጋታው ቢራገፍም መርዙ ይቀራል። እጄ የማያገኘውም አለ፤ መርዙ ሽታም ቀለምም የለውምና ያለ ላቦራቶሪ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ጀርመኖችም ይህ ደርሶባቸዋል። በ2012 የባልካን አገሮችን የመታው ድርቅ በቆሎውን ለሻጋታው አመቻቸው፤ በ2013 መጀመሪያ ከሰርቢያ ወደ ታችኛው ሳክሶኒ የገባ ወደ 45 ሺህ ቶን በቆሎ መበከሉ ታወቀ። ከፊሉ መኖ ሆኖ በሺዎች ለሚቆጠሩ እርባታዎች ተከፋፍሎ ነበር። ጉዳዩን ያወጣው በወተት ላይ የሚደረገው የዘወትር ምርመራ ነው፤ የታመመች ላም እስክትገኝ ቢጠበቅ ኖሮ እስከ ዛሬም ባልታወቀ ነበር። መኖው የየትኛው ጭነት እንደሆነ በወረቀት ስለሚታወቅ ደግሞ ማን እንደበላ፣ ማን እንዳልበላ በቀናት ውስጥ ተለየ። ሰበታ ላይ በአፍ የጠየቅሁትን ጥያቄ እነሱ በመዝገብ ጠየቁት።

ወደ ጫካው ልመለስ። በሰኔ 2024 አጋማሽ ከሩሰልስሃይም በስተደቡብ፣ ከፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የዱር አሳማ በአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት መያዙ ተረጋገጠ። በሄሰን ክፍለ አገር የመጀመሪያው ነበር። በሐምሌ ወር በአካባቢው ያሉ የቤት አሳማዎችም ተያዙ፤ በረቶች ተራገፉ። ቫይረሱ ሰውን አይነካም፤ ለአሳማ ግን ክትባት በአውሮፓ አልተፈቀደለትም፤ የተያዘውም አብዛኛው ይሞታል። በኤሌክትሪክ አጥር ጫካው ተከፋፈለ፤ ለዚህ የሠለጠኑ ውሾችና ሙቀት የሚያዩ ድሮኖች ተሰማሩ፤ የተባረረ አሳማ በሽታውን ይዞ እንዳይሸሽ አደን ታገደ።

የእኔ ሥራ እዚያ አጭርና የሚደጋገም ነው። ትኩስ ሬሳ ከሆነ በጥጥ እንጨት ደም እነካለሁ፤ ከበሰበሰ ደረቅ አጥንት እንኳ ይበቃል፣ ቅልጥሙ ውስጥ ቫይረሱ ለወራት ይቆያልና። ናሙናው በድርብ ከረጢት ይታሸጋል፤ ሬሳው ተጠቅልሎ ይነሳል፤ ቦታው ኬሚካል ይረጫል፤ በመጨረሻ ቦት ጫማዬ በብሩሽ እስከ ሥሩ ይፈገፈጋል፤ በጭቃው ስንጥቅ የቀረች ደም ወደ ሌላ በረት ትገባለችና። ሬሳ የሚፈለገው ለሟቹ ተብሎ አይደለም። የዱር አሳማዎች የሞተ ጓዳቸውን እያሸተቱ ይነካኩታል፤ ያልተነሳ ሬሳ ጤነኛውን አድብቶ ይጠብቀዋል።

ይህ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተገለጸው በ1921 ኬንያ ውስጥ ነው። ሞንትጎመሪ የተባለው ሐኪም ሰፋሪዎች ያመጧቸው የአውሮፓ አሳማዎች ሲያልቁ አይቶ መዘገበው። በዚያው ሜዳ የሚሮጠው ከርከሮ ግን ቫይረሱን ከጉድጓዱ መዥገር ተቀብሎ ይኖራል፤ አይታመምም። እንደ ወተት ላሟ ሁሉ እዚህም ጤነኛው የበሽታው ማረፊያ ነው። ከከርከሮው አገር ወደ አውሮፓ ያሻገረው ደግሞ መኖ ነው። በ1957 ሊዝበን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አሳማዎች ከአውሮፕላን የወረደ የምግብ ትርፍራፊ በልተው ታመሙ። በ2007 ጆርጂያ የገባውም በመርከብ የምግብ ትርፍራፊ እንደሆነ ይታመናል፤ ዛሬ አውሮፓንና እስያን ያስጨነቀው ከዚያ የተነሳው ነው።

ለዚህ ነው ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ የእናቶቻችን ሻንጣ የሚከፈተው። ቋንጣው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቅቤው በፕላስቲክ ጣሳ ታሽጎ፣ አይቡ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ይወጣል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። «ንጹሕ በሬ ነው የታረደው፣ እኔው በእጄ ያነጠርኩት ቅቤ ነው» ሲሉ እሰማለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ግን አፍተ ግር አገራችን ውስጥ የሚኖር በሽታ ነው፤ ቋንጣ ሲደርቅ ቫይረሱ ሁልጊዜ አይሞትም፤ የተበከለው በሬም ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ሊታረድ ይችላል። ጀርመን በጥር 2025 ብራንደንቡርግ ውስጥ በውሃ ጎሾች ላይ አፍተ ግር ሲገኝባት ከ1988 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። በእናቶቻችን ላይ የሚጣል ክስ የለም፤ የበሬው ደህንነት ለበላው ሰው ማስረጃ ይሆናል እንጂ ለአሳማና ለላም አይሆንም።

ጤነኛው ግን የሚጠበቅም ነው። በፍራንክፈርት ለሙያችን ኩራት የሆነ ሰው ሠርቷል። በርንሃርድ ግርዚሜክ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ ከ1945 እስከ 1974 የፍራንክፈርትን መካነ እንስሳት መርቷል። በ1958 ከልጁ ከሚካኤል ጋር በትንሽ አውሮፕላን ሴሬንጌቲን እየዞረ ቶራ መሰሎቹን ኑዎች ሲቆጥር ወደ 100 ሺህ ያህል ነበሩ። ያኔ ደስታ በሽታ በየዓመቱ ግልገሎቻቸውን ይፈጅ ነበር። ኑዎቹን የከተበ የለም፤ የተከተቡት በዙሪያው ያሉ የአርብቶ አደሮች ከብቶች ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሽታው ከኑዎቹ ጠፋ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ቁጥራቸው ከ1.3 ሚሊዮን በለጠ። በ1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ ገብቶ ክፉ ቀንን ያመጣብን ያው በሽታ ነው፤ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበር ዛሬም ባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ይሠራል። እዚያ በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ባለሙያዎች ሁሉንም መከተብ እንደማይችሉ ስላወቁ ከሸለቆው ወደ ሌሎቹ መንጋዎች በሚያሻግረው ጠባብ መተላለፊያ ያሉትን ጤነኞች ከተቡ፤ በሽታው እዚያው ቆመ። በ2018 ደግሞ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ተሸጉጦ በአፍ መሰጠት ጀመረ። በሽታው የሚመጣው ከእረኞች ውሾች ስለሆነ ውሾቹም ይከተባሉ።

ጤነኛው ምስክር ይሆናል፣ ያታልላል፣ በመጨረሻም የሚጠበቀው እሱ ነው። ሦስቱም በአንድ ሥራ ይገናኛሉ፤ ማን ምን እንደበላ በሽታ ሳይመጣ መያዝ። አገር ቤት ያሉ የወተት ላም ባለቤቶች በስልክ ሲያማክሩኝ የምላቸው ይህንኑ ነው። ፋጉሎ በገዛችሁ ቁጥር ከጆንያው መሀል አንድ እፍኝ በወረቀት ከረጢት አድርጉ፤ የተገዛበትንና የተከፈተበትን ቀን፣ የበሉትንም ላሞች ጻፉበት፤ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ጆንያውን ከመሬት በእንጨት አንሱት፤ አንድ ወር የሚበቃችሁን እንጂ የክረምቱን ሁሉ አትግዙ። የሚታመም ከሌለ ያ እፍኝ ይጣላል፤ ኪሳራ የለውም። ከታመመ ግን እኔም ሆንኩ ሌላ ሐኪም ስንመጣ ከሬሳው በፊት እሱን ነው የምንጠይቃችሁ።