የወጌሻ እጅ እንዴት ይመዘናል

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ በተዘረጋው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ በሬ የረገጠው አራሽ፣ በቅሎ የጣለችው መንገደኛ ወይም ከሾላ ዛፍ የወደቀ እረኛ ሲገኝ፣ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ የሚያስጠራው ወጌሻን ነው። ይህ ጥበበ እድ በማየትና በመዳሰስ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ እንጂ ከመጽሐፍ የሚቀጸል ስላልሆነ፣ ለባለሙያው ከእጁ በቀር ሌላ ምስክር የለውም፤ እጁን ግን መመዘን ይቻላል።

በአሜሪካ አገር አንድሩ ቴይለር ስቲል የተባለው ሐኪም በ1892 እ.ኤ.አ. በሚዙሪ ግዛት በከርክስቪል ከተማ ትምህርት ቤት ከፍቶ ኦስቲዮፓቲ ያለውን ሕክምና ሲያስተምር፣ ዐፅምና ጅማት፣ ሥጋና ደም አንዱ ያለ ሌላው የማይጸና መሆኑን፣ የሐኪምም እጅ ከመፈወሱ አስቀድሞ መርማሪ መሆን እንደሚገባው መሠረት አድርጎ ነበር። እርሱም አስቀድሞ በአጥንት ጠጋኝነት ስሙ የታወቀ ሰው ነው። በዚያ አገር ኦስቲዮፓቲ ተምረው የሚመረቁት ዛሬ ሙሉ የሐኪም ማዕርግ አላቸው፤ የእኛ ወጌሻ ይህን ሁሉ ትምህርት ባያገኝም፣ የሚመረምር እጅ ካለው ሊከበር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

መልካም ወጌሻ ወደ ታመመው አካል አይቸኩልም፤ ጤነኛውን ክንድ አስቀድሞ ዳስሶ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያይቶ፣ ርዝመቱንና ቅንነቱን ከመረመረ በኋላ ነው ጣቱን በእብጠቱ ላይ በቀስታ የሚያሳርፈው። የተሰበረውን አጥንት ደጋግሞ እያንቀጫቀጨ ለተመልካች የሚያሰማ ግን ሕመም ከመጨመር በቀር የሚያደርገው የለም። ትከሻው ለወለቀበት ሰው ብልሁ ወጌሻ ስለ ዘመድ፣ ስለ ዳጉሳውና ስለ በርበሬው እያጫወተ ክንዱን ያለ ንጥቂያ ቀስ አድርጎ ይስባል፤ ጡንቻው ሲደክምና ሲላላ አጥንቱ ወደ ማደሪያው ይመለሳልና። በድንገት የሚመነጭቅ ግን ውልቃቱን ወደ ስብራት ሊለውጠው ይችላል። ሥራው መቃናቱን ለማወቅ ታማሚው ክርኑን ከደረቱ ሳያርቅ መዳፉን በሌላው ትከሻው ላይ ያሳርፍ፤ ይህን ካልቻለ መለያልዩ ገና ቦታውን አልያዘም።

ቅቤ ቀብቶ ማሸትም ልክ አለው። በተለይ የሕፃን ክርን በተጎዳ ጊዜ እብጠቱን በኃይል ማሸት በሥጋው ውስጥ አጥንት እስከ ማብቀል የሚያደርስ ጉዳት ነውና፣ ከዚህ የሚታቀበውን ወጌሻ ሰነፍ አትበሉት።

ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው ግን በእሥሩ ነው። ቀርከሃውን ሰንጥቆ፣ ስለቱን ፍቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መለያልይ ጭምር እንዳይንቀሳቀሱ ደግፎ ሲያስር፣ ለሚመጣው እብጠት ቦታ የሚተው እርሱ ዐዋቂ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ጥብቅ እሥር የጥሩ ጥገና ምልክት ይመስለዋል፤ በዚህም ስሕተት እጅና እግር በጋንግሪን ተቈርጧል። ዐዋቂው የጣቶቹን ጫፍ ሳይሸፍን ይተዋል፤ ጥፍሩን ተጭኖ ሲለቅ፣ የነጣው ወዲያው ደም መልበሱን ያያል፤ በማግሥቱም ሳይጠሩት ተመልሶ ይመጣል። ይህ ተመላልሶ መጠየቁ ከምስጉን ዝናው ሁሉ ይበልጥብኛል።

አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ፣ አከርካሪው የተመታ ወይም ዳሌው የተሰበረ ሲመጣለት «ይህ የሆስፒታል ነው» ብሎ እጁን የሚሰበስበውም አላዋቂነቱን አልገለጠም፤ የሙያውን ድንበር የሚያውቅ ሰው ነውና።

አንባቢ ሆይ፣ የታሰረው ሰው ሕመሙ እየባሰ ቢሄድ፣ ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፣ ቢደነዝዙ ወይም ሲዘረጉ ቢያስጮኹት፣ ወጌሻው ይቀየመኛል ብለው አይፈሩ፤ 6 ሰዓት ያህል ደም ያጣ ሥጋ ዳግመኛ ላይመለስ ይችላልና፣ ሌሊትም ቢሆን እሥሩን አላልተው፣ ጎሕ እስኪቀድ ሳይጠብቁ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ያድርሱት።