ድምፅ ሳያሰሙ መቆርጠም

ስለ ጃፓን ጸደይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ አላፊነት ነው። ሳኩራ የሚሉት የቼሪ አበባ ይፈካል፣ ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ይረግፋል፤ ጸሐፊው ከዛፉ ሥር ቆሞ ስለ ሰው ልጅ ዕድሜ ያስባል፤ አንባቢውም አብሮት ይተክዛል። ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን ቶኪዮ ውስጥ ባሳለፍኋቸው ሦስት ጸደዮች ከዛፎቹ ሥር ያየሁት ሕዝብ የሚተክዝ አልነበረም። ሰማያዊ ላስቲክ አንጥፎ፣ ጫማውን በሥርዓት ደርድሮ ይበላል፣ ይጠጣል፣ አለቃውን ያማል፣ ሲደክመው እዚያው ጋደም ይላል። ቀና ብሎ አበባውን የሚያይ ከስንት አንዱ ነው። ይህንን ጸደይ ከማንም የግጥም መድበል ይልቅ አጥርቶ ያሳየኝ አንድ የቀልድ ተረክ ነውና በዚህ ጽሑፍ የምተቸው እርሱን ነው። ስሙ «ናጋያ ኖ ሐናሚ» ይባላል። «የተከራዮቹ የአበባ ሽርሽር» ብንለው ያስኬዳል።

ጸደይ ስንል ግን የትኛውን? ገጣሚዎቻችንና ዘፋኞቻችን ጸደይን ከመስከረምና ከአደይ አበባ ጋር ማጋባት ይወዳሉ። በሊቃውንቱ የዘመን ክፍፍል የአበባው ወራት መጸው ነው፤ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ነው። ይህም በፈረንጆቹ ኤፕሪል 4 ላይ ይውላል፤ ቶኪዮ ላይ ሳኩራው የሚፈካበት ወይም መርገፍ የሚጀምርበት ሰሞን። የአገሬን ጸደይ በትክክለኛ ቀኑ ያገኘሁት በሰው አገር ነው ማለት ነው።

ወደ ተረኩ ልመለስ። ራኩጎ የአንድ ሰው ጨዋታ ነው። ተራኪው ኪሞኖ ለብሶ በመድረኩ መሐል በተቀመጠች ትራስ ላይ ይንበረከካል፤ እስኪጨርስ አይነሣም። መሣሪያው አንድ የሚታጠፍ ማራገቢያና አንድ መሐረብ ብቻ ነው። ማራገቢያዋ መብያ ቀጭን እንጨት ትሆናለች፣ ፒፓ ትሆናለች፣ የመጠጥ ጽዋ ትሆናለች። ፊቱን ወደ ቀኝ ሲመልስ አንድ ሰው ነው፣ ወደ ግራ ሲመልስ ሌላ። የአዝማሪ ቤት ደንበኛ ለሆነ አዲስ አበቤ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ እዚህ ማሲንቆ የለም፣ ተመልካቹም ግጥም አይሰጥም። ጨዋታው የሚታይባቸው ቤቶች ዮሴ ይባላሉ። ኡኤኖ የሚገኘው ሱዙሞቶ የተመሠረተው በ1857 እ.ኤ.አ. ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በሁለት ዓመቱ መሆኑ ነው። ከዚያ ወጥቶ ሳኩራው የሞላበት የኡኤኖ መናፈሻ ለመድረስ የደቂቃዎች እርምጃ ይበቃል። ተረኩም የሚፈጸመው እዚያው ኮረብታ ላይ ነው።

ናጋያ በድሮዋ ኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ ማለቴ ነው፣ ድሃው የሚኖርባቸው በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ ጠባብ የኪራይ ክፍሎች ናቸው። አንድ ቀን አከራዩ ተከራዮቹን በሙሉ ያስጠራቸዋል። ኪራይ ሊጠይቀን ነው ብለው ይርበተበታሉ፤ እርስ በርስ ሲጠያየቁ በቅርብ ጊዜ የከፈለ አንድም ሰው የለም። አከራዩ ግን የጠራቸው ለሌላ ነው። ሰፈራችን በድህነቱ ስሙ ጠፍቷልና ይህን ክፉ ዕድል ለማባረር እንደ ሰው ወጥተን አበባ እንይ ይላቸዋል። ምግቡም መጠጡም ከእኔ ነው። ደስታቸው ግን ዕድሜ የለውም። ሳኬ የተባለው መጠጥ በውኃ የቀጠነ ሻይ ነው። ካማቦኮ የተባለው፣ ከተፈጨ ዓሣ የሚዘጋጀው ምግብ፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተቆረጠ ዳይኮን ነው፤ ዳይኮን እንደ ካሮት ወደ መሬት የሚወርድ ወፍራም ነጭ ሥር ነው። የእንቁላል ጥብስ የተባለውም ያው ሥር በጨው ታሽቶ ቢጫ ሲሆን ነው። ትእዛዙም ይከተላል፦ «ጥብሱን» ስትበሉ ድምፅ አታሰሙ። የታሸው ሥር ሲቆረጠም ሩቅ ይሰማልና ጎረቤት ምንጣፍ ላይ ያሉት ሰዎች ጉዳችንን እንዳያውቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የዚህ ማስመሰል ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ሀብታም ነው። አንዱ ጥርሱ ስለማይረዳው የእንቁላል ጥብስ መብላት እንደማይችል ያመካኛል። ሌላው ካማቦኮውን አድንቆ የኔሪማ ምርት እንደሆነ ይጠይቃል። እዚህ ላይ አዳራሹ በሳቅ ሲፈነዳ እኔ ጸጥ አልሁ። ኔሪማ በዳይኮኑ የታወቀ የቶኪዮ አካባቢ ነው፤ ዓሣ ከዚያ አይመጣም። እኛ ዘንድ በመለኪያ ውኃ ቀድተው «አረቄ ነው» ያሉት እንግዳ፣ ቀምሶ «የአምቦ ነው?» ቢል እንደማለት ነው። የውጭ አገር ሰው ችግር ይህ ነው። አበባው አስተርጓሚ አይሻም፣ ለመጣ ሁሉ እኩል ይፈካል። ቀልዱ ግን የአገሩን ጓሮ ካላወቁለት አይከፈትም። በሰው አገር ጸደይ መደሰት ቀላል ነው፤ በሰው አገር ቀልድ መሳቅ ዓመታት ይወስዳል፤ ስለዚህም ብዙዎቻችን አበባውን ፎቶግራፍ አንሥተን፣ ቤታችን ገብተን የአገር ቤቱን ኮሜዲ በስልካችን እንከፍታለን። ከኔሪማው ቀልድ ጋር የታረቅሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። ያን ቀን የሳቅሁት ሳቅ ከሦስቱ ዓመት አበባ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ተረኩን ከሁለት ተራኪዎች አፍ ሰምቼዋለሁ። የመጀመሪያው ወጣት ነበር። አከራዩ አንዱን ተከራይ «በል ስከር» ብሎ ሲያዝዘው ወጣቱ ተንገዳገደ፣ ጮኸ፣ ዓይኑን አገለበጠ፤ ሕዝቡም ሳቀ። ነገር ግን በሻይ የሚሰክር ሰው አላየሁም፤ ያየሁት በእውነት የሰከረ ሰው ሲመስል ነው። ሁለተኛው ሽማግሌ ነበሩ። የመጀመሪያውን ጉንጭ ሲቀምሱ ምንም አላሉም። ጽዋውን ዝቅ አደረጉ፣ ወደ አከራዩ አዩ፣ ወደ ጽዋው አዩ። በዚያች ዝምታ ውስጥ የተከራዩ ይሉኝታ፣ ንዴቱ፣ ከዚያም አከራዩን ላለማሳፈር የሚያደርገው ጥረት ሁሉ አለፈ። ሳቁ የመጣው ዘግይቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ግን ረጅም ሆኖ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት የተረኩ ልክ ይህ ነው። ወደ ቅኔያችን ብናመጣው ሰሙ ሳኬ፣ ወርቁ ሻይ ነው፤ ወርቁ ከሰሙ የረከሰበት ቅኔ! ተራኪው ሰሙን ቶሎ ካቀለጠው ምንም አይቀርም።

ተረኩ ከኦሳካ ወደ ቶኪዮ የመጣ ነው። በኦሳካው አቀራረብ የሚጠራም የሚያዝዝም አከራይ የለም። ጠዋት ዘንቦ ሥራ የቀረባቸው ድሆች፣ ሰማዩ ሲጠራ ራሳቸው ተጠራርተው፣ ከየቤታቸው የተገኘውን ይዘው ይወጣሉ። ለልብ የሚቀርበው ያኛው ነው። የቶኪዮው ግን ይበልጥ ያማል፤ ደስታው በትእዛዝ ነዋ! ይህም ከታሪክ የራቀ አይደለም። ኡኤኖ የቶኩጋዋ ገዢዎች ቤተ መቅደስና መቃብር ስለነበረበት ጭፈራና ስካር አይፈቀድበትም ነበር፤ ስምንተኛው ሾጉን ዮሺሙኔ በ18ኛው ምዕተ ዓመት አሱካያማ ላይ ሳኩራ ያስተከለው ተራው ሕዝብ የሚዝናናበት ስፍራ እንዲያገኝ ነው። አበባ የማየት ደስታ ከላይ የተሰጠ፣ ከላይም የተወሰነ ነገር ሆኖ ኖሯል።

በቶኪዮው ተረክ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። አከራዩ በጣም ደግ ነው። ራሱም ደህይቷልና እናዝንለታለን፤ የኪራዩም ነገር ከመግቢያው በኋላ ተመልሶ አይነሣም። ተራኪ ሁሉ ይህን በር ዘግቶት ያልፋል። አንድ ደፋር ተራኪ ተነሥቶ፣ ከሻዩ ማዶ ውዝፉን ኪራይ ትንሽ ቢያስታውሰን ቀልዱ የሚሞት አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ የምለው ተረኩ የእኛን ምንጣፍ ስለሚያውቀው ነው። ካትሱሺካ ቶኪዮ ውስጥ ኢትዮጵያውያን በርከት ብለን ከምንገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በባቡር ኡኤኖ ሩቅ አይደለም። ባለፈው ጸደይ ስድስት ሆነን ሄድን። ሁለቱ የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው የመጡ ነበሩ፤ ምግብ በሣጥን ሲያሽጉ አድረው ዓይናቸው ቀልቷል። ቡና በፔርሙዝ፣ እንጀራ በላስቲክ ይዘናል። ከመብላታችን በፊት ግን ፎቶ ነበረ። የሥራ ጃኬቱን ያወለቀ አለ፣ ከጎረቤት ምንጣፍ የቆንጆ መጠጥ ጠርሙስ ለአንድ ደቂቃ የተዋሰ አለ። አበባው ከኋላችን ነው። ፎቶው አዲስ አበባ ሲደርስ የአንዳችን እኅት «አልፎላችኋል» ብላ መለሰች። ማንም አላረማትም። የፈረቃውን ነገር አንሥቶ የተናገረም የለም፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ሁላችንም ፈገግ አልን፣ እንጀራው ተፈታ።

የተረኩ መዝጊያ አጭር ነው። አንዱ ተከራይ ጽዋውን አተኩሮ አይቶ መልካም ነገር ሊመጣልን ነው ይላል። የሻይ ቅጠል ዘንግ በጽዋ ውስጥ ቀጥ ብሎ ከቆመ ጃፓኖች ዘንድ የመልካም ዕድል ምልክት ነው። ሳኬ ውስጥ ግን የሻይ ዘንግ ምን ይሠራል? ሽማግሌው ይህን ሲሉ ድምፃቸውን አላነሡም፤ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና ከትራሷ ተነሡ። በራኩጎ ልማድ ተረክ የወቅቱ ነው፤ የአበባው ተረክ ከአበባው ጋር ያበቃል። ወደ ሚያዝያ አጋማሽ ኡኤኖ ላይ ቅጠል ሲያቆጠቁጥ ተራኪዎቹም ወደ ሌላ ጨዋታ ያልፋሉ፤ ይህን መስማት የሚፈልግ እስከሚቀጥለው መጋቢት ይጠብቃል።