ሦስት መስኮት በአቦቦ

ስለ ዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በቃል ብቻ የተማረ ልጅ የሚይዘው ስምና ዓመተ ምሕረት ነው። እርሳስ ሲጨብጥ ግን ሠዓሊውን በእጁ ያገኛቸዋል። የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ወደ እንግሊዝ ተልከው ሥዕልን የመረጡት እኚህ ሰው፣ በ1953 ዓ.ም. ለተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በሦስት ክፍል የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። ከሥዕሉ ፎቶግራፍ ላይ አይቶ ለመሳል የሚሞክር ልጅ ወፍራሞቹ መስመሮች ለምን እንዳስፈለጉ ራሱ ይደርስበታል፤ የመስታወቱን ቁርጥራጮች የሚያያይዙት እነሱ ናቸው።

እኔ ከሁሉ የምወደው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። ጋምቤላ ክልል፣ አቦቦ ውስጥ የሚያስተምር መምህር ወረቀቱን ለሦስት አስከፍሎ «አሁን የአቦቦን ሳሉ» ቢል፣ ለዛሬው የአልዌሮ ግድብ አለ፤ ዓሣውና በቆሎውም አለ። ለትናንቱ ልጁ አያቱን መጠየቅ ይኖርበታል፤ የአኙዋ ሽማግሌዎች ብዙ የሚነግሩት አላቸው። ቀለም ከጠፋ ከሰልና ቅጠል ይበቃል። የነገውን ክፍል ግን መምህሩ ፈጽሞ እንዳያርመው እለምናለሁ።