«አስቀምጥ» ማንን ነው የሚያዘው?
የቢሮ ሶፍትዌር አማርኛ ከገዳሪፍ ሲታይ

ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ ከተማ ናት። ከመተማ ተነሥቶ በጋላባት በኩል ወደ ሱዳን የሚዘልቅ መንገደኛ የሚያገኛት የመጀመሪያዋ ትልቅ ከተማም እርሷ ናት። ነጋዴው፣ የመከር ሠራተኛው፣ በደርግ ዘመን ጦርነትና ረኃብ ያሰደደው፣ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 ወዲህ ከትግራይ ሸሽቶ በኡም ራኩባ የተጠለለው፣ ሁሉም አንድ ቀን ወረቀት ያስፈልገዋል። ማመልከቻ፣ ውል፣ የስም ዝርዝር፣ የዕዳ ሒሳብ። ወረቀቱ አማርኛ ይሆናል፤ የሚጻፍበት ኮምፒውተር ግን ዐረብኛ ተናጋሪ ነው። አማርኛችን በቢሮ ሶፍትዌር ላይ ያለውን ቁመና ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። አዲስ አበባ ላይ ንጽጽሩ ሁልጊዜ ከእንግሊዝኛ ጋር ነው። ገዳሪፍ ላይ ግን ከጎረቤት ጋር ነው፤ የጎረቤት ቤት ደግሞ የራስን ቤት ጉድለት ቶሎ ያሳያል።

የመጀመሪያው ግጭት የአቅጣጫ ነው። ዎርድ ወይም ኤክሴል በዐረብኛ ገጽታ ሲከፈት ሁሉ ነገር እንደ መስተዋት ይገለበጣል። ትእዛዞቹ የተደረደሩበት ጥብጣብ ከቀኝ ይጀምራል፤ የኤክሴል የመጀመሪያው ዓምድም በቀኝ ጠርዝ ይቆማል። ጎንደር ላይ የተማረ ጸሐፊ ትእዛዙን የሚያገኘው ቃሉን አንብቦ ሳይሆን እጁ ቦታውን ስለለመደ ነውና፣ እዚህ እጁ ባዶ ቦታ ይመታል። ከቀኝ ወደ ግራ የተዘጋጀ የኤክሴል ገጽ ይህን ጠባዩን ይዞ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ከገዳሪፍ የተላከው ሰንጠረዥ መተማ ላይ ሲከፈትም ከቀኝ ይጀምራል። ይህ ግን ነውር አይደለም። ዐረብኛው የራሱን ሥርዓት እስከ መጨረሻው መከተሉን የሚያሳይ ነው።

አማርኛው እንዲህ አልተከተለም። ለዊንዶውስ 7 የተዘጋጀው የአማርኛ ገጽታ፣ በኋላም ለኦፊስ የቀረበው፣ ሙሉ ትርጉም ሳይሆን በእንግሊዝኛው ላይ የሚለበስ ስስ ሽፋን ነበር። በብዛት የሚታየው ክፍል አማርኛ ሆኖ፣ ጥቂት ጠለቅ ሲሉ እንግሊዝኛው ብቅ ይላል። ይህንስ የአቅም ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ማለፍ የማይቻለው የግሡ ጉዳይ ነው።

«አስቀምጥ»፣ «ቅዳ»፣ «ቁረጥ»፣ «ለጥፍ»፣ «ሰርዝ»። እነዚህ ቃላት ለማን ነው የተነገሩት? ሰውየው ማሽኑን የሚያዝባቸው ከሆኑ፣ ማሽኑ አንተ ተብሎ ተጠርቷል፤ ይሁን። ማሽኑ ሰውየውን የሚያዝባቸው ከሆኑ ደግሞ፣ ሽማግሌውንም፣ ባለሥልጣኑንም፣ ሴቲቱንም አንተ ብሏል ማለት ነው። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ አይጨነቅም፤ ግሡ ጾታም ማዕረግም አይለይም። አማርኛ ግን ያለ አድራሻ አያዝም። «አስቀምጥ»፣ «አስቀምጪ»፣ «ያስቀምጡ» ሦስት የተለያዩ ሰዎችን ይጠራሉ፤ አንዱን መርጦ ለሁሉም መስጠት ሁለቱን መዝለል ነው። ነገሩን የሚያብሰው፣ በአማርኛ በተዘጋጁ ሶፍትዌሮች ብዙ ጊዜ ቁልፉ አንተ እያለ መልእክቱ «እባክዎ ይጠብቁ» ማለቱ ነው። አንድ ሰው ከደጅ እንደ ልጅ ተጠርቶ፣ ሳሎን ሲገባ እንደ አዛውንት ቢከበር ግራ አይጋባምን?

ጎረቤቱ ይህን ችግር እንዴት እንደፈታው ያው ስክሪን ላይ ይታያል። ዐረብኛም እንደ አማርኛ በትእዛዝ ጊዜ ወንድና ሴት ይለያል። ስለዚህ ተርጓሚዎቹ ትእዛዙን ትተው የግሡን ስም ወሰዱ። «ሒፍዝ» ማስቀመጥ ነው፤ «ነስኽ» መቅዳት፤ «ለስቅ» መለጠፍ። መቁረጥ ደግሞ «ቀስ» ነው፤ በአማርኛ ጆሮ ሲሰማ ለቆራጭ የሚሰጥ መልካም ምክር ይመስላል። ማንም አልታዘዘም፣ ማንም አልተደፈረም፤ የሥራው ስም ብቻ ተጻፈ። አማርኛም «ማስቀመጥ»፣ «መቅዳት»፣ «መለጠፍ» የሚሉ ንዑስ አንቀጾች ሞልተውታል። ከቁልፉ ላይ የሚወስዱት ቦታ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ቢጨምር ነው። የተርጓሚዎቹ ድካም አይካድም፤ «አርትዕ»ን የመሰለ ቃል ለብዙኃኑ ማስለመድ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ቃል በማግኘት የተጉትን ያህል በሰዋስው አልተጉም።

ከቃሉ ይልቅ ገንዘብ የሚያስከፍለው ግን የኤክሴል ቀን መቁጠሪያ ነው። ኤክሴል የሂጅራን አቆጣጠር ያውቃል፤ ዐረብኛ ተጠቃሚ ሁለቱን አቆጣጠሮች እያማረጠ ማሳየት ይችላል። የኢትዮጵያን አያውቅም። ከማያውቅ ይልቅ የሚጎዳው ደግሞ ያወቀ መምሰሉ ነው። የሰሊጥ ነጋዴ ጸሐፊ ጥቅምት 28 ቀን 2015ን ለመመዝገብ 28/2/2015 ብላ ብትጽፍ፣ ኤክሴል ቀን ነው ብሎ በደስታ ይቀበላል፤ እርሱ ግን የፈረንጆቹን ፌብሩዋሪ ይዟል። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላ ስትጽፍ ፌብሩዋሪ ሠላሳ ቀን የለውምና ጽሑፍ አድርጎ ወደ ጎን ይተወዋል። ጥቅምት 29ም እንዲሁ ይጣላል፤ በ2016 ግን ይገባል፣ የፈረንጆቹ 2016 ፌብሩዋሪ 29 ቀን ነበረውና። ጳጉሜን ከነጭራሹ ወር አይደለችም።

በጣሉት ቀኖች መሳሳት ቢያንስ ይታያል፤ በተቀበላቸው መሳሳት ግን አይታይም። በ2015 ከጥቅምት 28 እስከ ኅዳር 1 ሦስት ቀን ነው። ኤክሴል አንድ ቀን ይላል። ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 አንድ ቀን ሲሆን ኤክሴል ሁለት ያደርገዋል። ሰሊጥ መጋዘን የሚገባው፣ የቀን ሠራተኛው የሚቀጠረው በነዚህ ወራት ነው። የመጋዘን ኪራይ በቀን የሚታሰብ ከሆነ፣ የሠራተኛ ክፍያም በቀን የሚቆጠር ከሆነ፣ ስሕተቱ ከአንድ ሰው ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። ሰንጠረዡ በቀይ አያስጠነቅቅም፤ ድምሩም ንጹሕ ሆኖ ይታተማል። በድንበሩ ላይ ሰዓቱም እንኳ አንድ አይደለም፤ ሱዳን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2017 ሰዓቷን ወደ ኋላ ከመለሰች ወዲህ ጋላባት ከመተማ በአንድ ሰዓት ትዘገያለች። በዚህ ላይ የሀበሻው ሰዓት አቆጣጠር ሲጨመር የጭነት መኪናው መግቢያ በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል።

ሦስተኛው ጉድለት ፍለጋ ነው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» ለአንባቢ አንድ ሰው ናቸው፤ ለዎርድ ሦስት ሰዎች። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ፀ እና ጸም እንዲሁ። ዐረብኛም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት፤ አሊፍ ሐምዛ ትሸከማለች ወይም ትተዋታለች። ለዚህ ግን በዎርድ የፍለጋ መስኮት ልዩነቱን የሚያስከብር ወይም የሚያስንቅ ምርጫ ተሰጥቶታል። አማርኛ አልተሰጠውም። የስደተኞች የስም ዝርዝር በያዘ ሰነድ ውስጥ የአንድ እናት ስም ሲፈለግ «አልተገኘም» የሚል መልስ ቢመጣ፣ ሴቲቱ ስለሌለች ነው ወይስ ጸሐፊው በሌላው ሐ ስለጻፋት? እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም በጋላባት ወደ መተማ ባፈሰሰበት ጊዜ እንዲህ ያለ መልስ ቀላል ነገር አይደለም።

የተገኘውን መካድ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በታይፕራይተር ዘመን ፊደሉ ለማሽኑ ሲባል ተቆራርጦ ነበር። ቀጥሎ በመጡት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ዓመታት የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ቁርጥራጭ ይሆን ነበር፤ ድንበር የሚሻገር ሰነድ ፎንቱን በዲስክ አስከትሎ መሄድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን ሲያካትት፣ በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ይህ ስቃይ እየቀለለ ሄደ። ዛሬ በዐረብኛ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ደብዳቤ ያለ ጭንቅ ይነበባል። ነጻው ሊብሬኦፊስም የአማርኛ ገጽታ አለው፤ ከ1997 እስከ 2017 የአሜሪካ ማዕቀብ በሱዳን ላይ ሶፍትዌር በሕጋዊ መንገድ መግዛትን ላከበደበት አካባቢ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ፊደሉ ገብቷል። ያልገባው የፊደሉ ባለቤት የሚቆጥርበት፣ የሚጠራበትና የሚፈልግበት ልማድ ነው።

እስከዚያው ጠንቃቃ ጸሐፊ ቀኑን በአንድ ሣጥን አይጽፍም። ሦስት ዓምድ ይከፍታል፤ አንዱን ለቀን፣ አንዱን ለወር፣ አንዱን ለዓመት። ወሩን በቁጥር ሳይሆን «ጥቅምት» ብሎ በፊደል ያሰፍራል፤ ኤክሴል ቀን መሆኑን እንዳያውቅበት። የቀኑን ልዩነት ደግሞ በጣቱ ቆጥሮ በአራተኛው ዓምድ ይሞላል።