ከመክፈላችሁ በፊት ጉቶውን እዩ

ባለፈው ጥር ከጎሮ ወደ ሶፍ ዑመር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ግራር የወረሰውን መሬት ያስመነጠረ አንድ አሠሪ ሠራተኞቹን ሲያመሰግን ሰማሁ። «መስታወት አስመሰላችሁት!» ይላቸዋል። እውነትም የተከተፈው ቅርንጫፍ ተስተካክሎ ተነጥፏል፤ ከሩቅ ላየው ዓይን ይማርካል። ጉዝጓዙን በእግሬ ገለጥ ሳደርግ ግን አንድ ስንዝር የሚያህል፣ ጫፉ የተሰነጣጠቀ ጉቶ ወጣ። አሥር እርምጃ ሄጄ ሌላ ገለጥሁ፤ ያው ነው። ሰውየው ብሩን ቆጥሮ ሰጥቷቸው ተጨባብጠው ተለያዩ።

እንዲህ ያለ ምስጋና ሙያውን እየገደለው ነው። ወሰን መለየት፣ ለጥላ የሚቀሩትን ዛፎች አስቀድሞ ምልክት ማድረግ፣ እሾሃሙን ቅርንጫፍ ለአጥር ለይቶ እሾህ የሌለውን መክተፍ፣ ጉዝጓዙን አራት ጣት ያህል ማልበስ፤ ይህን ለመንጣሪ ማስረዳት የለብኝም። መሬቱን በቡልዶዘር ስለሚገፍፍ ወይም ስለሚያቃጥል ሰውም አላወራም። በሶፍ ዑመር ዙሪያ አፈሩ በኖራ ድንጋይ ላይ የተኛ ስስ አፈር ነው፤ ከተራቆተ ዶፍ ጠርጎ ወደ ወይብ ወንዝ ያወርደዋል። ያ ጥፋት እንጂ ምንጠራ አይባልም።

የእኔ ጉዳይ ጉቶው ነው። ግራር፣ ክትክታ፣ ወይራ፣ የወፍ ቆሎ ስለተቆረጡ አይሞቱም። ከቅርፊታቸው ሥር የተኛ ዓይን አላቸው፤ ግንዱ ሲወድቅ ይነቃል። ከመሬት በላይ የተረፈው ግንድ በረዘመ ቁጥር የሚነቃውም ዓይን ይበዛል። አንድ የነበረው ስድስት ሰባት ሆኖ ይነሳል፤ ከበፊቱ የባሰ ጥሻ ይሆናል። ባሌ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ ያገኛል፤ ጉቶውም ሁለት ጊዜ ዕድል ያገኛል ማለት ነው። ወደ ሳነቴ ሲወጣ ያለው አስታም እንደዚሁ ነው፤ እሳት ቢበላው እንኳ ከመሬት ሥር ካለው እብጠት ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን አንዴ ከተቆረጠ ዝም ይላል፤ ስለዚህ የጥድ ጉቶ አሳይቶ «ይኸው አላቆጠቆጠም» የሚላችሁን አትመኑ።

የሚገድለው አቆራረጥ አንድ ነው፦ ግንድና ሥር ከሚገናኙበት አንገት በታች። አፈሩ በዶማ ዙሪያውን ይከፈታል፣ አንገቱ ይታያል፣ ከእሱ ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፣ አፈሩ ይመለሳል። አፋርን በወረረው ፕሮሶፒስ ላይ የታየውም ይኸው ነው፤ ከመሬት በላይ የተቆረጠው ይመለሳል፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከመሬት በታች የተቆረጠው ግን ይሞታል። ጠልቆ የሄደው ሥር በቦታው ስለሚቀር እስኪበሰብስ ድረስ ተዳፋቱን ይይዛል። ጉቶውን ከነሥሩ መንግሎ ጉድጓድ ትቶ የሄደ ሰውም እንግዲህ አልተሳካለትም።

አሁን አሁን ወጣቶች የውጭ አገሩን ማሽን በስልካቸው እያሳዩኝ ይከራከሩኛል። ከትራክተር ፊት የሚገጠም፣ የብረት ጥርስ ያለው ከበሮ እየተሽከረከረ ቁጥቋጦውን እንደቆመ ይፈጨዋል፤ ፍጭውም እዚያው አፈሩን ያለብሳል። ፈጣን ነው፣ አፈሩንም አያራቁትም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከበሮው ግንዱን ይደበድበዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ሥሩም አንገቱም በሕይወት ይቀራሉ። ክትክታና ግራር ባሉበት መሬት ማሽኑ ካለፈ በኋላ ዶማ የያዘ ሰው ካልተከተለው ሥራው ግማሽ ነው። በማሽንም ይሁን በገጀራ ይሠራ፣ እኔ የማየው ጉዝጓዙን ገልጬ ነው።

አታላዩን ከመዋዋላችሁ በፊትም ትለዩታላችሁ። መጥረቢያውን ቁጠሩ። አፈር ስለት ይበላል፤ አንድ መጥረቢያ ብቻ ያለው ሰው፣ በተለይ በቁርጥ ዋጋ የሚሠራ ከሆነ፣ ለስለቱ ስለሚሳሳ ከአፈር ከፍ አድርጎ ይቆርጣል። ሁለት መጥረቢያ የሌለው መንጣሪ አይቀጠር። በጉቶ አናት ላይ ጭቃ የለቀለቀም አይከፈለው፤ ጭቃው የተቀባው እንዳይታይ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ጎሮ አካባቢ ይኖር የነበረ ሽማግሌ ነው። አንዱን መጥረቢያ «የእንጨት»፣ ሌላውን «የአፈር» ይለው ነበር፤ የእንጨቱን መሬት ላይ ማስቀመጥ እንኳ አይፈቅድልኝም። በልጅነቴ አንድ ቀን ተሳስቼ በእንጨቱ መጥረቢያ አፈር መታሁ። አልተቆጣኝም። «ኢልማ ኮ፣ ተቀመጥ» አለኝና ሞረዱን ሰጠኝ፤ እስከ ማታ ስስል ዋልሁ። ከእሱ በኋላ ጎባ ውስጥ ባሕር ዛፍ ከሚቆርጥ ሰው ጋር ሠርቻለሁ። ያ ሰው እንዲያቆጠቁጥለት ስለሚፈልግ ውሃ እንዳያቁር ጉቶውን አጋድሎ፣ ቅርፊቱን ሳይልጥ ይቆርጥ ነበር። በጣም ያማረ እጅ ነበረው። ዛሬ ምንጠራ የሚይዙት ብዙዎቹ የተማሩት ከባሕር ዛፍ ይመስለኛል፤ ለማብቀል የተማሩትን ይዘው ለመግደል ይመጣሉ።

የጎሮው ሽማግሌ አንድ ልማድ ነበረው፤ ሌላ ሰው ሲያደርገው አላየሁም። እያንዳንዱን ጉቶ ቆርጦ አፈር ከመለሰበት በኋላ ከላዩ አንድ ነጭ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ጉዝጓዙም ሲነጠፍ ድንጋዩን አይሸፍነውም። ድንጋዩን የማመላልሰው እኔ ነበርሁ፤ ከተዳፋቱ ግርጌ በቁና እየሞላሁ። አንድ ቀን ድካሙ ቢብስብኝ፦

«አባባ፣ ይህ ሁሉ ድንጋይ ለምንድን ነው?» አልሁት።

«ባለመሬቱ የትኛውን መግለጥ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው» አለኝ።

የመጨረሻውን ሦስተኛ እጅ ሂሳብ የሚቀበለውም አንድ ዝናብ ካለፈ በኋላ ነበር። ባለመሬቱ መጥቶ ከድንጋዮቹ ደስ ያለውን ያነሳል፣ አፈሩን ይጭራል፣ ያያል። ከድንጋይ ሥር ቅጠል ከተገኘ ሽማግሌው በነፃ ይደግመዋል። አብሬው በቆየሁባቸው ዓመታት የደገመው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም የእኔ ቁርጥ ነበሩ።

በመጪው በልግ መሬት የምታስመነጥሩ ሁሉ ይህንኑ ውል ጠይቁ። በየጉቶው ላይ ድንጋይ ይቀመጥ፤ ሦስተኛው እጅ ክፍያም ዝናቡ እስኪመጣ በእጃችሁ ይቆይ።