ስለ ሕግ መምህራን ሥራና ስለ ዋግ አስተርጓሚ

በቀድሞው ዘመን ዕቃ የጠፋበት ሰው ሌባሻይ ያስጠራ ነበር። አንድ ብላቴና መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን ሲስት፥ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ብላቴናውን ግን የሚመረምረው አልነበረም። ይህን ያነሣነው በአባቶቻችን ለመሣቅ አይደለም፤ ሳይመረመር የሚታመን ሰው በዛሬውም የወንጀል ምርመራ ውስጥ አለ ብለን ስለምናምን ነው።

የሕግ ፋኩልቲው በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ለወንጀል ፍርድ ያበረከተው ቀላል አይደለም። ፊሊፕ ግራቨን የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አብራርተዋል፤ ስታንሊ ፊሸርም ለ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የማስተማሪያ መድበል አዘጋጅተዋል። ከእነርሱ በኋላ የመጡት መምህራን በየዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫ ማዕከሎች አቋቁመው ድኻው ጠበቃ እንዲያገኝ ደክመዋል። ስለዚህ እናመሰግናለን። ቅሬታችን ሌላ ነው፤ ይኸውም የሕግ ትምህርታችን ስሕተትን በአብዛኛው የሚፈልገው ከችሎቱ ውስጥ መኾኑ ነው። ዳኛው አንቀጹን አሳስቶ እንደ ኾነ፥ ጠበቃው የሚገባውን ሳይጠይቅ ቀርቶ እንደ ኾነ ይመረመራል። በዋግ ኽምራ ግን ነገሩ ከችሎቱ አስቀድሞ ሊበላሽ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል ከሰሃላ ቆላ የመጣ፥ ከኽምጣኛ በቀር የማያውቅ አንድ እረኛ በጠብ ሰው ሞቶበት ተያዘ እንበል። «መታሁት፥ ሞተ» ይላል። በአማርኛ በተጻፈው ቃል ላይ «ልገድለው መታሁት» ተብሎ ቢገኝ፥ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ሊያስቀጣ ይችል የነበረው ነገር ወደ አንቀጽ 540 ይሻገርና ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል። በሁለቱ መካከል ያለው አንዲት ቃል ናት፤ የተናገራትም ተከሳሹ አይደለም።

ሕጉ ይህን አልዘነጋም። የ1954ቱ ሕግ አንቀጽ 27 የተያዘው ሰው ቋንቋውን በደንብ የማይረዳ ሲኾን ብቁ አስተርጓሚ እንዲሰጠውና አስተርጓሚውም የጥያቄውንና የመልሱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ አዟል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ ክርክሩ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ በአንቀጽ 27 ለአስተርጓሚው ቃል ምስክር የኾነው ራሱ አስተርጓሚው ነው። ኽምጣኛ የማያውቅ ዳኛ ወይም ተከላካይ ጠበቃ በምን ይመዝነዋል?

ከተፈረደም በኋላ መመለሻው የጠበበ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 6 ሐሰተኛ ሰነድ ወይም ሐሰተኛ ምስክርነት ኋላ ሲገኝ ፍርዱ እንደገና እንዲታይ ፈቅዷል። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲህ ያለ አንቀጽ አልነበረውም፤ ሰበርም የሚመለከተው የሕግ ስሕተትን እንጂ አዲስ የተገኘ ማስረጃን አይደለም። በሐሰተኛ ሰነድ መሬቱን ያጣ ሰው በር ነበረው፤ በተሳሳተ ትርጉም ነፃነቱን ያጣ ግን አልነበረውም። አንዳንዶች «ፍርድ ማለቂያ ሊኖረው ይገባል» ይላሉ፤ ታዲያ ለመሬቱ ክርክርስ ማለቂያ አያስፈልገውም ኖሯል?

በኒው ዮርክ የካርዶዞ ሕግ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው ሥራ የተፈረደባቸውን ሰዎች በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነፃ አውጥቷል፤ ከእነርሱም ውስጥ ያልሠሩትን ሠራን ብለው ያመኑ ነበሩ። እኛ ዘንድ ለመጀመር ላቦራቶሪ አያስፈልግም። መምህራኑ ኽምጣኛ የሚናገሩ ተማሪዎችን ይዘው ወደ ሰቆጣ ይሂዱ፤ በከፍተኛው ፍርድ ቤት የተዘጉትን የግድያ መዝገቦች ያስወጡና አስተርጓሚው ማን እንደ ነበረ፥ ከመርማሪው ፖሊስ የተለየ ሰው እንደ ኾነ ይቍጠሩ። በመዝገቡ ላይ የአስተርጓሚ ስም ጭራሽ ከሌለም፥ ያንኑ ይጻፉልን።